የሌሊት ባቡር፣ የቀን ባቡር እና የአክስት ልጅ ሶፋ

ሙኒክ የሚኖር ሐበሻ ሮም ሠርግ ከተጠራ ትኬት ሳይቆርጥ ምክር ይጎርፍለታል። "በሌሊት ሂድ፤ የአንድ ቀን ሆቴል ታተርፋለህ" ይሉታል። ይህን ሒሳብ ያመጡት ፈረንጆች ናቸው፤ ለእነሱም ልክ ነው። እኛ ግን መቼ ነው ሆቴል የምናድረው? የአክስት ልጅ ሮም እያለች ሆቴል ያደረ ሰው ወሬው አዲስ አበባ ቀድሞት ይገባል። እናት ትደውላለች። "ምን አስቀየምንህ?" ይባላል። ስለዚህ አተረፍኩ የሚለው የሶፋ ኪራይ ነው። ሶፋው ደግሞ ድሮም ነፃ ነው።

የሌሊቱን ባቡር ማጣጣሌ አይደለም። የጀርመን ባቡር እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ የመኝታ ባቡሮቹን ሲተው፣ ኦስትሪያዎቹ ከፊሉን መሥመር ተረክበው ናይትጄት በሚል ስም አስፋፉት። ማታ ሙኒክ ተሳፍረህ ጠዋት ሮም ትወርዳለህ። ጥሩ ነው። ግን አልጋ ስንቆርጥ ርካሹን ነው የምንቆርጠው፦ በአንድ ክፍል ስድስት አልጋ፣ በግራ ሦስት፣ በቀኝ ሦስት። መሃለኛው ላይ ቀና ብለህ ልቀመጥ ካልክ ግንባርህን ትመታለህ።

ከዚያ እራት ይመጣል። አንተ ዶሮ ወጥ ቋጥረሃል። ክዳኑን ከፈት ስታደርገው በርበሬው ክፍሉን ይሞላዋል። አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ስልኩን ማየት ያቆማል። ያሳደገችህ እናት ናትና "እንብላ" ትላለህ። ጀርመኑ "አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ" ይላል። አንተ ደግሞ በአንዴ እምቢታ የምትመለስ ሰው አይደለህም። "ትንሽ ብቻ! በሞቴ!" ሰውየው ወደ ላይኛው አልጋ ወጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። አልጋው የእሱ መሆኑን እንጃ።

ቀን የሚሄደው "አልፕስን እያየሁ" ባይ ነው። እውነቱን ነው፤ በሌሊት ተራራውን ከፍለህበት ተኝተህ ታልፈዋለህ። ባቡሩ ኢንስብሩክን አልፎ የኦስትሪያና የጣሊያን ድንበር የሆነው የተራራ መተላለፊያ ብሬነር ላይ ሲወጣ ጎረቤትህ ከፍታውን በአድናቆት ይነግርሃል፦ 1,370 ሜትር ገደማ። አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ናት። በእኛ ሒሳብ ብሬነር ቆላ ነው፤ በረዶ ያለበት ቆላ። ለማንኛውም ግማሽ ሰዓት ታያለህ፣ ቪዲዮ ትቀርጻለህ፣ ከዚያ ቦሎኛ ድረስ የቀረጽከውን ለዘመድ ስትልክ ትቆያለህ። ቦሎኛ ወርደህ ፈጣኑን ትይዛለህ።

ጣጣው ሮም ስትደርስ ነው። ጠዋት ከደረስክ ቡና ተፈልቶ ይጠብቅሃል። "ትንሽ ጋደም ልበል" ስትል "ባቡር ላይ ተኝተህ አይደል የመጣኸው?" ትባላለህ። ማታ ከደረስክ እራት ቀርቧል፣ ጎረቤት ተጠርቷል፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ የማን ልጅ ማንን አገባ ይወራል።

እኔን ከጠየቃችሁ መሄጃውን በቀን፣ መመለሻውን በሌሊት አደርገዋለሁ። ከሦስት ቀን ሠርግ በኋላ ከስድስቱ አልጋ የላይኛውን ነው የምቆርጠው። አምስቱም ሰው ቢያንኮራፋ "በረካ ሳትጠጣማ አትተኛም" የሚል አይኖርም።