«እኔን!» ካልን በኋላ

ሰው ሲወድቅ ከአፋችን የሚቀድመው «እኔን!» ነው። ደግ ቃል ነው፤ ቅር የሚለኝ ቀጥለን የምናደርገው ነው። አቧራውን እናራግፍለታለን፣ ውሃ እናጠጣዋለን፣ «ምንም አልሆንኩም» ሲለን «ተመስገን! በል ገብተህ ተኛ» ብለን እንሸኘዋለን። ጭንቅላቱን ለተመታ ሰው ይህ ክፉ ምክር ነው።

አጎቴ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ከመታጠቢያ ቤት ሲወጡ ደፉ አደናቀፋቸውና ከበሩ መቃን ጋር ተጋጩ። እብጠቷን ቅቤ ቀባንላቸው፤ በሦስተኛው ቀን ጠፋች፣ ነገሩም ተረሳ። ከአምስት ሳምንት በኋላ የግራ እግራቸው ነጠላ ጫማ ሳሎን መሃል እየወለቀ መቅረት ጀመረ። እሳቸው በአንድ እግር ጫማ ሶፋው ድረስ ይሄዳሉ፤ አይታወቃቸውም። የልጅ ልጆቻቸው ይስቃሉ። ቀን ቀን ሲያንቀላፉ፣ የበሉትን ምሳ ሲረሱ «እርጅና ነው» ተባባልን። ሐኪም ቤት የወሰድናቸው ሽንት ሲያመልጣቸው ነው። ሐኪሟ አስቀድማ «ወድቀው ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀች። ሁላችንም «የለም» አልን። መቃኑን ያስታወሰችው የቤት ሠራተኛዋ ናት።

ሲቲ ስካኑ በቀኝ በኩል፣ በአንጎላቸውና በሽፋኑ መካከል የተጠራቀመ ደም አሳየ። አንጎል በዕድሜ ሲሟሽሽ ከሽፋኑ ጋር የሚያገናኙት ቀጫጭን ደም መልሶች ይወጠራሉ፤ ቀላል ግጭትም ይበጥሳቸዋል። ደሙ ጠብ ጠብ እያለ በሳምንታት ይጠራቀማል። እንደ አጎቴ ለልቡ አስፒሪን የሚወስድ ሰው ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የራስ ቅላቸውን ሁለት ቦታ በስተው አፈሰሱላቸው፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይመስል ነበር አሉን። በማግስቱ ጫማቸውን ጠየቁ።

ይህ ቀርፋፋው የደም መፍሰስ ነው፤ ጊዜ ይሰጣል። ሌላው አይሰጥም። ከጆሮ ከፍ ብሎ ያለው አጥንት ስስ ስለሆነ ሲሰነጠቅ ከሥሩ የሚያልፈውን ደም ቅዳ ይቀድደዋል። ሰውየው እያወራ፣ እየተራመደ ደሙ በውስጥ አንጎሉን ይጫነዋል። ተዋናይቷ ናታሻ ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በማርች 2009 በካናዳ፣ ኩቤክ፣ የበረዶ መንሸራተት ስትለማመድ ወደቀች። ደህና ነኝ ስላለች የመጣው አምቡላንስ ተመለሰ። ቆይቶ ራሷን አመማት፤ ከወደቀች ከሁለት ቀን በኋላ አረፈች። 45 ዓመቷ ነበር።

እሷ የተጠራ አምቡላንስ ነበራት። ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ የወደቀ የቀን ሠራተኛ ያለው ፎርማን ብቻ ነው። «ቤትህ ሂድና እረፍ» ሲለው ርኅራኄ ይመስላል፤ የሚሄደው ግን ብቻውን ወደሚያድርበት የኪራይ ክፍል ነው። ማታ ቢያስመልሰው፣ ራስ ምታቱ ቢብስበት፣ አንደበቱ ቢተሳሰር፣ አንዱ የዓይኑ ብሌን ቢሰፋ ማን ያይለታል? እንደ ሞተ ሰው ተኝቶ ቢያንኮራፋ እንኳ ጎረቤቱ «ደክሞት ነው» ይላል። እያንዳንዱ እብጠት ሲቲ ስካን ይፈልጋል ማለቴ አይደለም፤ ዋጋውን አውቀዋለሁ። ከፍ ካለ ቦታ የወደቀውን ወይም ለአፍታም ቢሆን ራሱን የሳተውን ግን ሐኪም ሳያየው ወደ ቤቱ መስደድ፣ የሕክምናውንም ወጪ በእሱ ላይ መጣል ነውር ነው። አሠሪው ይክፈል። ሐኪም «ሂድ» ካለውም አንድ የሥራ ባልደረባው፣ የቀን ሒሳቡ ሳይቆረጥበት፣ አብሮት ይደር፤ ሌሊት እየቀሰቀሰ ስሙንና ያለበትን ይጠይቀው።

አጎቴ አሁን ደህና ናቸው። የመቃኑን ማዕዘን ስፖንጅ ለጥፈንበታል። ደፉን ግን እስካሁን አላስነሣነውም።