ዝውውሩ ቅንጦት አይደለም

እዚህ የወጣው ጽሑፍ የአሜሪካ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች የታመመ ቤተሰብ ለማስታመም ልዩ ዝውውር እንደሚጠይቁ ያወሳል። ከላይ አንዱ አስተያየት ሰጪ «ደህና ደሞዝ እየበሉ ምን ያማርራቸዋል?» ብሏል። ኧረ ተው ወንድሜ!

የእህቴ ልጅ ይሄንኑ ሥራ ከዚህ ርቆ ይሠራል። እናቱ እዚህ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር፣ የኩላሊት እጥበት ላይ ናት። ፈረቃ ሲገባ ስልኩን ውጭ ትቶ ነው። እሷ ስትደክም ብደውል አይነሳም። ዕረፍት ወጥቶ ያመለጡትን ጥሪዎች ካየ በኋላ በምን አንጀቱ ተመልሶ እንደሚቀመጥ እንጃ። ማመልከቻው «ይታያል» እንደተባለ ነው።

አለቆችም ዝም ብለው አይጨክኑም። የተቆጣጣሪ ብቃት ከሚሠራበት ጣቢያ ጋር የተያያዘ ነው። አንጋፋ ቢሆንም አዲስ ቦታ ሲመደብ እንደገና ሠልጥኖ ይፈተናል። እዚህ የአካባቢው ወፍ እንኳ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሳ ቦይንግ 737 ሞተሮቹ ውስጥ እርግቦች ገብተውበት ተከስክሶ 35 ሰው አልቋል።

ግን የቅያሬ ዝውውርስ? ከዚህ ወደዚያ መሄድ የሚፈልግ አይጠፋም። ሁለቱም እስኪፈተኑ ፈረቃው ይሳሳ ይሆናል እንጂ ሰው አይጎድልም።