ትሬቬሌዝ የስፔን ከፍተኛው መንደር አይደለም

ወንድሜ፣ «ትሬቬሌዝ የስፔን ከፍተኛው መንደር ነው» ያልከው ብዙ ሰው የሚደግመው ወሬ ነው፤ ግን ልክ አይደለም። ትሬቬሌዝ በግራናዳ ክፍለ ሀገር፣ በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ተዳፋት ላይ ያለ መንደር ሲሆን ይፋዊ ከፍታው 1,476 ሜትር ነው። ቫልዴሊናሬስ ግን፣ በአራጎን ቴሩኤል ውስጥ ያለችው ሚጢጢ መንደር፣ 1,690 ሜትር አካባቢ ላይ ቁጭ ብላለች። ልዩነቱ ከ200 ሜትር በላይ ነው።

ወሬው እንዴት እንደጸና መገመት አይከብድም። ትሬቬሌዝ ታች፣ መሃል እና ላይ ሰፈር ስላለው ከየት ይለካ የሚለው ራሱ ያከራክራል። በዚያ ላይ ዝነኛ ሥጋ አለው፦ በጨው የታሸ የአሳማ ታፋ በቀዝቃዛው ደረቅ አየር ተሰቅሎ ከዓመት በላይ ይደርቃል። ለዚህ ንግድ ከፍታ ማስታወቂያ ነው፣ ማን ይጠላል!

እዚያው ሴራ ኔቫዳ ላይ ስላለው ተራራ «ሙላሴን የስፔን ረጅሙ ተራራ» ያልከውም ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። ስፔንና ፖርቱጋል ያሉበት የአይቤሪያ ልሳነ ምድር ረጅሙ ነው፣ 3,479 ሜትር። የስፔን ረጅሙ ግን ቴኔሪፌ ደሴት ላይ ያለው ቴይዴ ነው፣ 3,715 ሜትር። የሙላሴን ስም የመጣው ከግራናዳው ሙስሊም ንጉሥ ከሙሌይ ሃሴን ነው፤ ይህቺን በትክክል ጽፈሃታል።