ጄቱን ተዉት፣ ቦቴውን እዩት

ገላን ላይ አስፋልቱ ዳር ጀበና ቡና ስትጠጡ ወሬ የሚያቋርጥ ሁለት ነገር ነው። አንዱ ከቢሾፍቱ ተነስቶ በላያችን የሚያልፍ የጦር ጄት፣ ሌላው ተከታትሎ የሚመጣ የጅቡቲ ቦቴ።

በቀደም፣ የካራማራ ድል በሚታሰብበት ሰሞን፣ ጄቱ አለፈ። አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት "በረሃ ላይ አውሮፕላን ያለው አለቀ፣ አሸነፈ። የት ይደበቁበታል?" አለ። ጡረታ የወጡ የአየር ኃይል መካኒክ የሆኑ ጎረቤታችን ስኒያቸውን እንደያዙ "አንተ ልጅ፣ ሰማይ ሰማዩን አትይ። ቦቴውን እየው" አሉት።

እኔም ከጋሼ ጋር ነኝ። በረሃ መደበቂያ እንደሌለው አይካድም። እ.ኤ.አ. በ1991 የኢራቅ ታንኮች አሸዋ ውስጥ ተቀብረው እንኳ አልተረፉም። ብረት ቀን የጠጣውን ሙቀት ቶሎ አይለቅም። ማታ አሸዋው ሲቀዘቅዝ ታንኩ በሙቀት ካሜራ ላይ እንደ ፍም ይታያል፤ አብራሪዎቹም አንድ በአንድ ለቀሟቸው።

ግን እንደዚያ መልቀም የሀብታም ጦርነት ነው። በረሃ ውስጥ ጦር መሬቱን ተማምኖ አይኖርም። ውሃው፣ ነዳጁ፣ ብስኩቱ ሳይቀር በመኪና ነው የሚመጣው። የጀርመኑ ጄኔራል ሮሜል እ.ኤ.አ. በ1942 ግብፅ ውስጥ ኤል አላሜይን ሲደርስ ከትሪፖሊ ወደብ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ነበር። ነዳጅ አመላላሹ መኪና ራሱ የጫነውን መንገድ ላይ ይጠጣዋል። ከማልታ የሚነሱ የእንግሊዝ አውሮፕላኖችና ሰርጓጅ መርከቦች ደግሞ ነዳጅ ጫኝ መርከቦቹን ባሕር ላይ ያስቀሩበታል። ታንክ እያለው ነዳጅ አጥቶ ቆሞ ቀረ።

እኛም ቀምሰነዋል። በ1928 ዓ.ም. ራስ ደስታ ዳምጠው ጦራቸውን ይዘው ወደ ዶሎ ሲወርዱ፣ በረሃቡና በበሽታው የተዳከመውን ሰው የግራዚያኒ አውሮፕላን ገናሌ ላይ ጨረሰው። በሶማሊያው ወረራ ግን ተራው የኛ ሆነ። የኛ ኤፍ-5 ጄቶች የሶማሊያን ሚጎች ከሰማይ ካባረሩ በኋላ የሶማሊያ ጦር ስንቅ የሚያመላልሰው በተራቆተ ሜዳ ነበር። ዋጋም ተከፍሎበታል፤ ለገሠ ተፈራ አውሮፕላናቸው ተመትቶ 11 ዓመት ሶማሊያ ታስረዋል።

ጋሼ ያኔ ድሬዳዋ ነበሩ። ስለ አየር ውጊያው ብዙም አያወሩም። የሚያወሩት ስለ አቧራ ነው። "የኛን ሞተር ያንቃል፣ እነሱን ያጋልጣል" ይላሉ። ኮንቮይ ሲንቀሳቀስ አቧራው ከሩቅ እንደ ጭስ ይታያል፤ አብራሪው መኪናውን ሳያይ አቧራውን ያየዋል።

እዚህ ላይ ግን ወጣቱንም ጋሼንም የሚያስቸግር ነገር አለ፤ ቻድ። እ.ኤ.አ. በ1987 ሊቢያ ጄት ነበራት፣ ሰሜን ቻድ ውስጥ ዋዲ ዱም ላይ የአየር ማረፊያ ነበራት። ቻዶች በቶዮታ ፒክአፕ ፀረ ታንክ ሚሳኤል ጭነው እየከነፉ መጡና ማረፊያውን ራሱን ያዙት። ጄቶች መሬት ላይ እንደቆሙ ተማረኩ። ካራማራም ቢሆን ሄሊኮፕተር ወታደርና ብረት ለበስ ከጠላት ጀርባ አደረሰ እንጂ፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ የገባው እግረኛውና ታንኩ ነው።

ይህን ስነግራቸው ጋሼ ዝም አሉ። ወጣቱ ግን "ቶዮታዎቹስ ነዳጅ ከየት ያመጡ ነበር?" አለ።

ጋሼ ስቀው ሁለተኛ ቡና አዘዙለት።