«አለሁ» ማለት ይህን ያህል ይከብዳል?

አሁንስ በዛ! አዋሽ ፈንታሌ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ኮምቦልቻ ያለነው እንቅልፍ የለንም። ስንቱ አብሮ አደጋችን ለሥራ የሄደው እዚያ ነው! ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 በሬክተር ስኬል 5.8 ሲናወጥ የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ «ሁላችሁም ደህና ናችሁ ወይ?» ብለን ጠየቅን። መልሱ ምን ሆነ? የሌላ አገር ሕንጻ ሲደረመስ የሚያሳይ ቪዲዮ! ከሥሩ «ሼር አድርጉ»!

ኧረ ተዉ ወገን! የጓደኛችን እናት ስልኩን በሁለት እጃቸው ጨብጠው «ይሄ የልጄ ሰፈር ነው እንዴ?» እያሉ ሲያለቅሱ አንጀቴ ተላወሰ። ልጁ ግን ኦንላይን ነው። መልእክታችንን አይቶታል። አንድ ቃል መጻፍ አቃተው?

በ1953 የካራቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማን ሲያፈርስ በየኪሱ ስልክ አልነበረም። ዘመድ በጭንቀት ቢያድር ምን ይደረጋል? ዛሬስ? በአላህ፣ በማርያም፣ ቪዲዮው ይቆይና መጀመሪያ መኖራችሁን ንገሩን!