በመጀመሪያ መዝገብ ቤት ነበረ

ስለ ጥንታዊ ሥልጣኔ የሚያወራ ሰው ድምፁን ማወፈር ይወዳል። ወሬው ሁሉ ንጉሥ፣ ቤተ መቅደስና ጦርነት ነው። ሠርግ ላይ እንዲህ ያለ ሰው አጠገባችሁ ከተቀመጠ ቡፌው ሳይነሳ ሦስት ሥርወ መንግሥት ይወድቃል። ስለ ንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ግን ትንፍሽ አይልም።

ይሄ ግፍ ነው። ከመሬት ተቆፍሮ የወጣው ማስረጃ የሚመሰክረው ለማን ሆነና!

ነገሩ በማህተም ይጀምራል። በመካከለኛው ምሥራቅ ማህተም ጽሕፈትን በሺዎች ዓመታት ይቀድመዋል። ልብ በሉ። ደብዳቤ የሚባል ነገር ገና የለም፤ ማህተሙ ግን ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። የማሰሮ አፍ ይታሰርና ጭቃ ይለጠፍበታል፤ ጭቃው ላይ ማህተም ይመታል። የጎተራ በርም እንደዚያው። ኋላ ደግሞ በክር የሚንጠለጠል፣ ጭቃ ላይ ሲንከባለል ሥዕል የሚተው ትንሽ ድንጋይ መጣ። ባለማህተሙ ለቅሶ ከሄደ ጎተራው አይከፈትም። ይህችን የመጨረሻዋን ከየትም አላነበብኳትም። ማህተም ያዦችን ስለማውቅ ነው።

ደቡብ ኢራቅ ውስጥ፣ ዛሬ ዋርካ በሚባለው ቦታ፣ ኡሩክ የምትባል የሱመሮች ከተማ ነበረች። ያ አገር ዝናቡ አያስተማምንም። ያለው ኤፍራጥስ ነው። ቦይ ካልተቆፈረ ገብስ የለም። ቦይ ለመቆፈር ብዙ ሰው ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ደግሞ ምሳ ይጠይቃል። ስለዚህ ገብሱ ቤተ መቅደስ ጎተራ ይገባል፤ ከጎተራው በድርጎ ይወጣል። ጎተራው በር ላይ አንድ ሰውዬ ተቀመጠ። "ስምህን ማን ልበል? ስንት ነው የወሰድከው?" አለ። ሥልጣኔ ማለት እንግዲህ ይኸው ሰውዬ ነው።

ሰውዬው መጀመሪያ በጭንቅላቱ ያዘው። አልሆነም። ከዚያ በትንንሽ የጭቃ ጠጠሮች ቆጠረው። በመጨረሻ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3300 እስከ 3100 ባለው ጊዜ ገደማ፣ እርጥብ ጭቃ ጠፍጥፎ በሸምበቆ ጫፍ መጻፍ ጀመረ። የሰው ልጅ መጻፍ ቻለ! ታዲያ ምን ጻፈ? ለፈጣሪው ውዳሴ? ለወደዳት ልጅ ግጥም? የለም። ገብስ ገቢ፣ ገብስ ወጪ። በግ ይህን ያህል። ቢራ ይህን ያህል ማሰሮ። ከኡሩክ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥንታዊ ሰሌዳዎች ወጥተዋል፤ አብዛኞቹ ሂሳብ ናቸው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የዕቃ ገቢና ወጪ ቅጾች፣ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22፣ በሸክላ ማለት ናቸው በአጭሩ። ግጥምና ተረት ተራቸው እስኪደርስ ብዙ መቶ ዓመት ወረፋ ጠበቁ።

ከሰሌዳዎቹ አንዱ እንዲህ ይላል፦ 29,086 መስፈሪያ ገብስ፣ 37 ወር፣ ኩሺም። በቃ። ኩሺም የሰው ስም ነው ወይስ የሹመት መጠሪያ የሚለው እስከ ዛሬ ምሁራንን ያከራክራል። ሰው ከሆነ ግን ስማቸው ተጽፎ ከተገኘ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ነው። ንጉሥ አይደለም፤ ነቢይ አይደለም፤ ጀግናም አይደለም። ቢራ የሚጠመቅበትን ገብስ የሚረከብ ሰው ነው። ያን ሁሉ ገብስ ከሦስት ዓመት በላይ ተረክቦ ሂሳቡን በሰላም ይዝጋ አይዝጋ የሚነግረን የለም። ስሙን ጭቃው ላይ የጻፈበት ባልደረባው ግን ምን እያለ እንደጻፈ ይሰማኛል፦ "ነገ ጎድሎ ሲገኝ እኔን እንዳትጠይቁኝ።"

ከድርጎው ጋር አብሮ የመጣ ሳህን ደግሞ አለ። ወፍራም፣ ሸካራ፣ ጠርዙ ወደ ጎን የተዳጠ የሸክላ ጎድጓዳ። ቀለም የለው፣ ጌጥ የለው። በጥድፊያ ተሠርቶ በጥድፊያ የተጣለ። ቆፋሪዎች በሺዎች ያገኙታል። ብዙዎቹ የድርጎ መስፈሪያ ነው ይላሉ፤ ዳቦ መጋገሪያ ነው የሚሉም አሉ። በሱመሮች ጽሕፈት "መብላት" የሚለው ምልክት የሰው ጭንቅላትና አፉ ላይ የተደቀነ እንዲህ ያለ ሳህን ነው። የሚገርመው፣ ከዚያ በፊት በዚያው አገር የነበሩ መንደሮች በብሩሽ የተዋበ፣ ስስ፣ ዓይን የሚስብ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ሥልጣኔ ሲመጣ ሳህኑ አስቀያሚ ሆነ። የዩኒቨርሲቲ ካፌ የበላ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እነዚያው ጥንታዊ ሰሌዳዎች መሐል የሹመትና የሙያ ዝርዝር ተገኝቷል። ከላይ ትልቁ ሹም፤ ከዚያ እየወረደ ይሄዳል። ጽሕፈት በተፈለሰፈ ማግስት ሰው ያሰበው ማን ከማን እንደሚበልጥ ማስፈር ነበር ማለት ነው። ይሄስ ይሁን። ጉዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ጸሐፊ ለመሆን የሚማሩ ልጆች ይህን ዝርዝር ከሺህ ዓመት በላይ ሲገለብጡት ኖሩ። መሐል ላይ ብዙዎቹ ሹመቶች ከነሥራቸው ጠፉ። ዝርዝሩ ግን ቀጠለ። ሥራው ቀረ፤ መደቡ አልታጠፈም።

ልጆቹ የሚማሩበት ቤት ኤዱባ ይባላል። ከትምህርት ቤቱ የተረፈች አንዲት ታሪክ አለች፤ ዕድሜዋ ወደ 4000 ዓመት ይጠጋል። ልጁ ጠዋት ይነሳል። እናቱ ሁለት ዳቦ ትቋጥርለታለች። እየሮጠ ይሄዳል፤ ግን ረፈደበት። ልቡ እየመታ ይገባል። ከዚያ ዱላ ይጀምራል። ስላረፈደ ተገረፈ። ሳይፈቀድለት ስላወራ ተገረፈ። ሳይፈቀድለት ስለተነሳ ተገረፈ። በር ላይ ሌላ ሰው አገኘው፤ እሱም ገረፈው። በመጨረሻ ጽሕፈትህ አያምርም ተብሎ ተገረፈ። ዱላው በረታበት።

ማታ አባቱን ምን ቢለው ጥሩ ነው? መምህሩን ቤት እንጥራው።

"ወላጅ አምጣ" ሳይባል ወላጅ ያመጣ ተማሪ ይኸው። መምህሩ ተጠራ። የክብር ወንበር ላይ ተቀመጠ። ልጁ ቆሞ አስተናገደ። ተበላ፣ ተጠጣ። አባትየው አዲስ ልብስ አለበሰው፣ እጅ መንሻ ሰጠው፣ ጣቱ ላይ ቀለበት አጠለቀለት። መምህሩም አፉ ተፈታ። ልጁን ይመርቀው ጀመር፤ ከወንድሞቹ መሪ፣ ከጓደኞቹ አለቃ እንዲሆን። ጽሕፈቱስ? ስለ ጽሕፈቱ ማንም አላነሳም። በአንድ ራት አምሯል።

እንዲህ ያለ ልጅ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ላጋሽ መሄድ ነው። ላጋሽም የሱመሮች ከተማ ናት። ከክርስቶስ ልደት በፊት 2350 ገደማ ኡሩካጊና የሚባል ገዥ ሥልጣን ያዘና ከእሱ በፊት የነበረውን ጉድ ሸክላ ላይ አስጻፈ። የጀልባ ሹሙ ጀልባውን ወሰደ። የከብት ሹሙ አህያውንና በጉን ነዳ። የዓሣ ሹሙ ዓሣውን አነሳ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ብሂል ሳይሰሙ በራሳቸው ደርሰውበታል። ሚስቱን የፈታ ሰው እንኳ ለገዥው 5 ሰቅል ብር ይከፍል ነበር። ትዳሩ የፈረሰው የሱ፤ ገዥውን ምን አገባው?

ከሁሉ የከፋው ቀብር ነው። ሬሳ ወደ መቃብር ሲወሰድ የቀብሩ ሹም የሚረከበው ይህ ነበር፦ 7 ማሰሮ ቢራ፣ 420 ዳቦ፣ ገብስ፣ አንድ ልብስ፣ አንድ አልጋ። አራት መቶ ሃያ ዳቦ! ሟቹ ዕድሜ ልኩን ያን ያህል መብላቱን እጠራጠራለሁ። ሐዘንተኛው ሬሳውን ትቶ ዳቦ ሲቆጥር ይታያችሁ። ሹሙ ደግሞ ጥግ ቆሞ "19 ይቀራል" ሲል።

ኡሩካጊና ይህን ሰምቶ ተቆጣ። ተሐድሶ አወጀ። ታዲያ ክፍያውን አስቀረው? ኧረ ወዲያ! 3 ማሰሮ ቢራና 80 ዳቦ አደረገው። ከዚያም ሕዝቡን ከግፍ ነፃ አወጣሁ ብሎ አስጻፈ። እኔ በበኩሌ አልፈርድበትም። ከሹም ላይ 340 ዳቦ መቀነስ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙም ሳይቆይ የጎረቤት ከተማው የኡማ ገዥ ሉጋልዛጌሲ ላጋሽን ወግቶ አቃጠላት። የቀብሩ ሹም ያን ቀን የት እንደነበር ታሪክ አይነግረንም። ሥራ በዝቶበት እንደሆነ ግን እገምታለሁ።

ነገሥታቱን ጨርሼ ልርሳቸው ብል ደግሞ ያሳፍራል። ሱመሮች የነገሥታት ዝርዝር ነበራቸው። በዝርዝሩ መሠረት ንግሥና ከሰማይ ወርዶ መጀመሪያ ኤሪዱ ከተማ ላይ አረፈ። የመጀመሪያው ንጉሥ አሉሊም 28,800 ዓመት ገዛ። ቀጥሎ የመጣው 36,000 ዓመት። ከጥፋት ውኃ በፊት ስምንት ነገሥታት በድምሩ 241,200 ዓመት ወንበሩ ላይ ቆዩ። ወንበር መልቀቅ የከበዳቸው ሰዎች አዲስ በሽታ ይዟቸዋል እንዴ! አሉሊም እኮ ለተተኪው ትውልድ ቦታ ሲለቅ ተተኪው ትውልድም አርጅቷል።

እኔ ከዚያ ዝርዝር የምወዳት ኩባባን ነው። የኪሽ ከተማ ገዥ ናት፤ በዝርዝሩ ውስጥ ያለች ብቸኛ ሴት። ከስሟ ጎን የቀድሞ ሥራዋ ሳይቀር ተጽፏል፦ ቢራ ሻጭ። 100 ዓመት ገዛች ይላል። ሲያንሳት ነው። የከተማው ሹማምንት ሲሰክሩ የሚያወሩትን ስትሰማ የኖረች፣ ማን ስንት ዱቤ እንዳለበት በቃሏ የምታውቅ ሴትዮ ማን ይገለብጣታል?

ሕግ አውጪውን የባቢሎን ንጉሥ ሐሙራቢን ሁሉም ያውቀዋልና እዘለዋለሁ። አንዲት አንቀጽ ብቻ ልጥቀስ፤ ቤት ለሚያሠሩ ወዳጆቼ ስል። ግንበኛ የሠራው ቤት ተደርምሶ ባለቤቱን ከገደለ ግንበኛው ይገደላል ይላል ሕጉ። የባለቤቱን ልጅ ከገደለ የግንበኛው ልጅ ይገደላል። ጭካኔ ነው፤ አልደግፈውም። ግን የኮንትራክተሩን ፊት አንድ ጊዜ ይህን ሲያነብ ባየው ደስ ይለኛል።

ግብፆችም ቢሆኑ ከዚህ የመዝገብ በሽታ አላመለጡም። ዴር ኤል መዲና በምትባል መንደር የነገሥታቱን መቃብር የሚፈለፍሉና የሚያስጌጡ ሠራተኞች ይኖሩ ነበር። ከዚያ የተገኘ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ዳግማዊ ራምሴስ በነገሠ በ40ኛው ዓመት የተጻፈ የመቅሪያ መዝገብ ነው። የ40 ሠራተኛ ስም፣ 280 ቀን፣ ከነምክንያቱ። ታሜ። ዓይኔን አሞኝ። ጊንጥ ነድፎኝ። እናቴን እየገነዝኩ። ቢራ እየጠመቅኩ። የመጨረሻው ፈቃድ ተቀባይነት ነበረው፤ በደማቁ ተጽፏል። "ከአለቃዬ ጋር ነበርኩ" የሚል ደግሞ ተደጋግሞ ይገኛል። አለቃው የመንግሥትን ሠራተኛ ወስዶ የግል ጉዳዩን ሲያሠራው መዝጋቢው ምን ይበል? "አለቃ ዘንድ" ብሎ ይጽፋል፤ ዝም ይላል።

እዚያው መንደር፣ በሦስተኛው ራምሴስ 29ኛ ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1157 ገደማ፣ ድርጎው ዘገየ። ደመወዝ ያኔ እህል ነው። ሠራተኞቹ መሣሪያቸውን አስቀምጠው ወጡ። ከቤተ መቅደስ ጀርባ ሄደው ቁጭ አሉ። ረሃብና ጥም ነው ያመጣን፤ ልብስ የለን፣ ቅባት የለን፣ ዓሣ የለን፣ ጎመን የለን አሉ። ሹማምንቱ መጡ፤ ለመኑ፣ ማሉ፣ ተገዘቱ። ሠራተኞቹ ንቅንቅ አላሉም። የመንደሩ ጸሐፊ አሜናክት ቀኑን፣ ቦታውን፣ ማን ምን እንዳለ አንድ በአንድ ፓፒረስ ላይ አሰፈረ። በመጨረሻ ያለፈው ወር ድርጎ ተከፈለ። ሰዉ ወደ ሥራው ተመለሰ። የሚቀጥለውም ዘገየ፤ ሰዎቹም ተመልሰው ወጡ። አሜናክት እንደገና ብዕሩን አነሳ።