መብራቷን አጥፉልኝ አላልኩም

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከለገጣፎ ወደ አያት እየወረድኩ ነበር። ሬዲዮ ከፍቻለሁ። የመኪና ፕሮግራም ነው። አድማጭ ይደውላል፣ «ባለሙያ» የተባለ እንግዳ ይመልሳል። አንዲት እናት ደወለች። የቤት መኪናዋ ኤርባግ፣ ማለት በግጭት ሰዓት ተነፍቶ ሰው የሚያድነው ከረጢት፣ የብልሽት መብራቱ በርቶ አልጠፋ ብሏታል። ጋራዥ ወስዳ አስጠፍታው ነበር፤ በሳምንቱ ተመልሶ በራ። አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ነው። «ልጆች የማመላልስበት ነው፣ ምን ላድርግ?» አለች።

እንግዳው ሳቀ። «እህቴ፣ አትጨነቂ። ሞተርሽን አያጠፋ፣ ፍሬንሽን አይከለክል። እኛ አገር በምንነዳበት ፍጥነት ኤርባግ ጌጥ ነው» አላት። አቅራቢውም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ማስታወቂያ ገባ።

እኔ አልሳቅኩም። ከመሪዬ ኋላ ያቺው መብራት ፍጥጥ ብላ ታየኛለች። ቀበቶ አስሮ ፊቱ ላይ ኳስ የተደቀነበት ሰው የምትመስለው።

ከቀላሉ ልጀምር፤ «በምንነዳበት ፍጥነት» ከሚለው። ሰውዬው ኤርባግ የሚፈነዳው በ120 ለሚበር ብቻ መስሎታል። በአሜሪካ መኪና እያጋጨ የሚፈትነው የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ተቋም የሚለው ሌላ ነው። ቀበቶ ላላሰረ ሰው የፊት ኤርባግ የሚፈነዳው በሰዓት ከ16 እስከ 19 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ከጠንካራ ግድግዳ ጋር እንደመላተም ያለ ግጭት ሲደርስ ነው። ላሰረ ደግሞ 26 ገደማ። 26! ይህንንማ ባጃጅም ታልፈዋለች። ተሳፋሪ ሊሻማ የሚሽቀዳደመው ሚኒባስ ስንት ነው የሚሄደው? ማታ ከሰንዳፋ በኩል አንድ ዓይና ሆኖ የሚመጣው ሲኖትራክስ? ሰዉ «ቀይ ሽብር» ብሎ ስም ያወጣለት በከንቱ ነው? እሺ፣ እኔ በ30 ልንዳ። የሚመጣብኝን ማን በ30 ያስነዳልኛል?

ፍጥነት ካማረው ደግሞ ቱሉ ዲምቱ ይውረድ። የአዳማው የፍጥነት መንገድ የሚጀምረው እዚያ ነው። 85 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እስከ 120 የሚነዳበት፣ ያውም በሕግ። ቅዳሜና እሑድ ልጆቹን ጭኖ ቢሾፍቱ የሚወርደው ማን ነው? ይኸው ባለ ጌጡ የቤት መኪና ነው።

የአሜሪካ የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ከ1987 እስከ 2017 ባሉት የፈረንጅ ዓመታት የፊት ኤርባግ ከ50 ሺህ በላይ ሰው አትርፏል ብሎ ይገምታል። መቼም እንዲህ ያለ ጌጥ አይቼ አላውቅም።

«ቀበቶ ካሰርኩ ይበቃኛል» የሚልም አለ። ይህ ከእንግዳው ይሻላል፤ ቢያንስ ቀበቶ ያስራል። ግን ቀበቶውን በግጭት ሰዓት ሳብ አድርጎ ወደ ወንበሩ የሚያጣብቀው መሣሪያም የሚታዘዘው ከኤርባጉ ኮምፒውተር ነው። ብልሽቱ ከገባ እሱም ላይሠራ ይችላል። ሁለቱ አንድ ቤት ናቸው።

አሁን ወደሚያቃጥለኝ ልምጣ። እንግዳው ከተናገረው ይልቅ ያልተናገረው ነው የከነከነኝ። ሴትዮዋ «ሦስት ጊዜ ተመልሶ በራ» ስትለው ለምን ይሆን ብሎ አልጠየቀም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? እሱ ከሥሩም ከላዩም አላየው።

የእኔን ልንገራችሁ። የመኪናዬን ስም አልጠራም። ሰባት ሰው የምትጭን፣ ከመሬት ከፍ ያለች፣ የሰፈራችንን ፒስታ የማትፈራ የቤተሰብ መኪና ናት። በደላላ ስገዛት ዳሽቦርዷ ንጹሕ ነበር። በስድስተኛው ወር መብራቷ በራች።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ ኮምፒውተር ሰካባትና የተመዘገበውን የብልሽት ኮድ አጠፋው። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ከፈልኩ። በዘጠነኛው ቀን በራች። ተመለስኩ፤ «ሴንሰር ነው» ተባልኩ። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ሴንሰር ተገዛ፣ ተቀየረ፣ ኮዱ ጠፋ፣ ከፈልኩ። በሁለት ሳምንቱ ተመልሳ በራች። ለሦስተኛ ጊዜ ሌላ ጋራዥ ሄድኩ። እነሱ የሠሩልኝ ሥራማ አይጣል ነው! መብራቷ ጠፋች። ወር ሆነ፣ ሁለት ወር ሆነ፣ ወይ ፍንክች። ደስ ብሎኝ ስልካቸውን ለጎረቤት ሁሉ አደልኩ። አንድ ጠዋት ትምህርት ቤት ሳደርሳት ትንሿ ልጄ ከኋላ አንገቷን አስግጋ «አባዬ፣ ኳስ የያዘው ሰውዬ የት ሄደ?» አለችኝ።

እውነትም የት ሄደ? ቁልፍ ሲዞር የኤርባጉ ኮምፒውተር ራሱን ይፈትሻል። መብራቷ ለጥቂት ሰከንድ ትበራለች፤ ሁሉ ደህና ከሆነ ትጠፋለች። ጭራሽ ካልበራች ወይ ተቃጥላለች ወይ ነቅለዋታል። የእኔን ነቅለዋታል። እኔ ልጆቼን ጭኜ ስመላለስ የከረምኩት አፏን በለጎሟት መኪና ነው። ያውም ከፍዬ።

አራተኛው ሰው ታፎ መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ያለችው ወጣት ኤሌክትሪሺያን ነው። ኮምፒውተሩን ከማንሳቱ በፊት የባትሪውን ገመድ ፈታ። «ሻይ ጠጣ ጋሼ፣ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ» አለኝ። ከዚያ የሹፌሩን ወንበር ነቅሎ ገለበጠው። ሥሩ ቢጫ ሶኬት አለ። የኤርባግ ሽቦ ማንም እንዳይነካካው ቢጫ ይደረጋል። ቢጫነቱ ግን አይታይም፤ ጭቃ ለብሷል፣ ውስጡ ያሉት ሚስማሮች አረንጓዴ ዝገት አውጥተዋል። ዙሪያውን ቆሎ፣ የእርሳስ ስባሪ፣ ሁለት ሳንቲም።

እንዲህ ነው ያስረዳኝ። የኤርባጉ ኮምፒውተር በዚያች ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪኩ ስንት እንቅፋት እንደሚገጥመው ሁልጊዜ ይለካል። መሆን ያለበት ሁለት ኦም (የእንቅፋቱ መለኪያ ነው) አካባቢ ነው። ትንሽ ዝገት ወይ ትንሽ ላላ ያለ ሶኬት ልኩን ያዛባዋል፤ ኮምፒውተሩም ሽቦው ተቆረጠ ብሎ መብራቱን ያበራል። ወንበር ወደፊት ወደኋላ ይጎተታል። ልጆች ከኋላ ይረግጡታል። ላቫጆ ያለው ልጅ ምንጣፉን አጠብኩ ብሎ ውኃውን ከሥር ይለቀዋል። ከዚያ ፒስታው ያንገጫግጨዋል። በጋ ሲደርቅ ትጠፋለች፣ ክረምት ሲገባ ትበራለች። ኮዱን መቶ ጊዜ ቢያጠፉት ጭቃው እዚያው ነው።

ክላክሴስ? አንዳንዴ እምቢ ይላል፤ የራሱ በሽታ መስሎኝ ትቼው ነበር። ለካ ከመሪው ሥር እንደ ሰዓት ምንጭ የተጠቀለለ ስስ ሽቦ አለ። የመሪውን ኤርባግና ክላክሱን የሚያገናኘው እሱ ነው። ሲበጠስ ሁለቱም ይሄዳሉ። ይህ የእኔ መኪና ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። ቶዮታ በፈረንጆቹ 2014 በዚሁ ሽቦ ምክንያት 3.5 ሚሊዮን ገደማ መኪና ለጥገና ጠርቷል። ከ2006 እስከ 2008 የተሠሩ ራቭ ፎሮችና እኛ በቪትዝነት የምናውቀው ያሪስም ነበሩበት። የእኔዋ ከእነዚህ ውስጥ አይደለችም፤ በሽታው ግን ዘመድ ነው። ዓለምን የሚያዳርሰው ፋብሪካ በሚሊዮን የጠራለትን ነገር የሬዲዮው እንግዳ በሳቅ ዘጋው።

ቦሎስ? እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ያቺ መብራት እንደበራች ሁለት ዓመት በተከታታይ ምርመራ አልፌያለሁ። መርማሪው የፊት መብራት አየ፣ ፍሬን አስረገጠ፣ ክላክስ አስነፋ (እንደ ዕድል ያን ዕለት ነፋ)፣ ጎማ አየ፣ እሳት ማጥፊያ ጠየቀኝ። ዳሽቦርዱን ቀና ብሎ አላየም። እኔው ራሴ «ይቺስ?» ብዬ አሳየሁት። «እሷ አትቆጠርም» አለኝ።

አትቆጠርም! የመኪናዎቻችን አገር ጃፓን ከየካቲት 2017 ጀምሮ፣ በእነሱ አቆጣጠር ነው፣ የኤርባግ መብራቱ በርቶ የመጣን መኪና ለምርመራ እንኳ አይቀበለውም። ፍሬንህ ሸጋ ነው፣ ጎማህ አዲስ ነው አይሉህም፤ ሂድና አሠርተህ ና ነው። እንግሊዝም በዓመታዊ ምርመራዋ በዚያው መብራት ትጥላለች። ጃፓን ውስጥ ከበር የምትመለስ መኪና ለገጣፎ ስትደርስ ቦሎ ይለጠፍላታል። ደንቡ ለመኪናው ነው ወይስ ለሰው? ለሰው ከሆነ የጃፓን ልጅና የእኔ ልጅ ግንባር ልዩነቱ ምንድን ነው?

ደግሞ ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። አዲስ ማሽን አይገዛ፣ ዶላር አይለመን። መርማሪው ቁልፉን ያዙር። መብራቷ በራች? ጥሩ። ጠፋች? ጥሩ፣ እለፍ። አልጠፋችም? ተመለስ። ከነጭራሹ አልበራችም? ተመለስ፣ ያውም ማን እንደነቀላት ተናገር። አሥር ሰከንድ ነው። በዚህች አሥር ሰከንድ ፍተሻ፣ ኮድ አጥፍቶ ብር የሚቀበለው ጋራዥ ሁሉ ገበያው ይደርቃል፤ ምክንያቱም በዓመቱ ደንበኛው ተመልሶ አንገቱን ይይዘዋል። መኪና አሻሽጦ የሚጠፋው ደላላም እንደዚሁ።

አሁን ደግሞ የባሰ ጊዜ መጥቷል። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት በእኛ አቆጣጠር በ2016 ተከልክሏል። መከልከሉ ጥሩም ይሁን መጥፎ ዛሬ አልገባበትም። ግን በእጃችን ያለው አሮጌ መኪና አብሮን ሊያረጅ ነው ማለት ነው። ሽቦውም፣ ሶኬቱም። አንዳንዱ እንዲያውም ከጃፓን በቀኝ መሪ ተነሥቶ ዱባይ ላይ መሪው ዞሮለት የመጣ ነው። ዳሽቦርዱ ተፈትቶ፣ ሽቦው ተቆርጦ ተቀጥሎ። ያ ሁሉ ሲሆን ቢጫዋን ሽቦ ማን በክብር ወደ ቦታዋ እንደመለሳት እግዜር ይወቅ።

እንግዳው ከማስታወቂያው ሲመለስ አንድ ነገር ጨመረ። «እንዲያውም ኤርባግ ራሱ ሰው ገድሏል» አለ። ይህ እውነት ነው፤ ከአፉ የወጣች አንዲት እውነት። ታካታ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ኤርባጉን የሚነፋው ኬሚካል አሞኒየም ናይትሬት ነበር። ሙቀትና እርጥበት ለዓመታት ሲፈራረቁበት ይበላሻል፤ ሲቀጣጠል ከልክ በላይ ይፈነዳና የብረት ቅርፊቱን ሰባብሮ ፊት ላይ ይተኩሳል። በአሜሪካ ብቻ ወደ 67 ሚሊዮን ኤርባግ ይቀየር ተብሏል፣ ከ25 በላይ ሰው ሞቷል። ኩባንያው በፈረንጆቹ 2017 ከሰረ። ቶዮታ በፈረንጆቹ 2024 መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ ያሉ የ2004 እና የ2005 ራቭ ፎር ባለቤቶችን «ሳታሠሩ ጭራሽ አትንዱ» ብሏቸዋል።

እና? ከዚህ «መብራቱን ተዉት» የሚል ምክር እንዴት ይወጣል? እዚያ መኪናው ሲጠራ ለባለቤቱ ደብዳቤ ይደርሰዋል፣ ጥገናውም በነፃ ነው። በደላላ ለገዛ የታፎ ሰው ማን ደብዳቤ ይጽፍለታል? የሻንሲ ቁጥሩን ራሱ በፋብሪካው ድረ ገጽ ካላጣራ ማንም አይነግረው። ታካታ የሚያስተምር ከሆነ የሚያስተምረው ይበልጥ መፈተሽን ነው። አንድ ነገር ልመን፤ ልጅ ፊት ወንበር ላይ በእናቱ ጭን የሚቀመጥ ከሆነ የሚሠራውም ኤርባግ ይጎዳዋል። ያ ግን የሚስተካከለው ልጁን ወደ ኋላ በማስቀመጥ ነው።

ወጣቱ ኤሌክትሪሺያን የሹፌሩን ሶኬት አጸዳልኝ፣ የመሪውን ሽቦ ቀየረ፣ የተነቀለችውን አምፖል መለሰ። የፊት ተሳፋሪው ወንበር ግን ገና ነው። ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ሽቦውን ቆርጦ በፕላስተር ጠቅልሎታል። ሙሉ ገመዱ እስኪገኝ መብራቷ በርታ ትቆያለች። ልጁ «ጋሼ፣ ለጊዜው ላጥፋልህ?» አላለኝም። ለዚህም ነው ደንበኛው የሆንኩት።

የሬዲዮው እንግዳ በቃሉ ከጸና አንድ ቅዳሜ አብረን ቢሾፍቱ እንውረድ። ነዳጁ በእኔ። ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ ባለቤቴ ከወር ወዲህ ከኋላ ነው የምትቀመጠው።